ስልሳ አንድ ነጥብ ስለተሰጠው ጠርሙሳችን

ለክቡር አቶ ቴዎፍሎስ
የካልጋሪ ሐበሻ ውስኪ ቀማሾች ማኅበር ሊቀመንበር
ኮክረን

ካልጋሪ፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤትዎ፣ መኪናዎ፣ ከመስኮትዎ ፊት ለፊት የተደረደሩት ተራሮችዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? ከሁሉም በላይ አፍንጫዎ እንዴት ከርሞልናል? ዘንድሮ ጉንፋኑ ቤት ለቤት ስለሚዞር እኔም ሆንኩ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ስለ እሱ ሳናስብ የዋልንበት ቀን የለም። የማኅበርዎ ዋና ንብረት እሱ ነውና እግዚአብሔር ይጠብቅልን።

እኔ ፀሐይወርቅ እባላለሁ፤ የምኖረው ሳድል ሪጅ ነው። ስሜ ካልመጣልዎ፣ በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ቤዝመንትዎ የወረድኩት ነጠላ የለበስኩት ሴትዮ ነኝ። መልኬን ባያስታውሱትም አልቀየምም፤ ያን ዕለት ያዩት እኔን ሳይሆን በእጄ የያዝኩትን ጠርሙስ ነው። ይህን ደብዳቤ በኢንተርናሽናል አቬኑ ባሉ ሱቆቻችን ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ያደረግኩት ደግሞ፣ ሕዝቡ ምን ገዝቶ ምን መጠጣት እንዳለበት ሌት ተቀን ለሚመክር ሰው በፖስታ የታሸገ ደብዳቤ ክብሩን አይመጥንም ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አባይነህ የሚባል ልጅ ቤዝመንቴን ተከራይቶ ይኖራል። ብየዳ ነው ሥራው፤ ሁለት ሳምንት ሰሜን ነዳጅ የሚወጣበት ካምፕ ገብቶ ይሠራል፣ አንድ ሳምንት እዚህ ይተኛል። አርያም የሟች ወንድምዎ ልጅ ናት፤ ከእርስዎ ቤት እየኖረች በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሁለቱ ከተዋደዱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እናቷ ወይዘሮ ወለተማርያም አዲስ አበባ ሆነው፣ አባት የሌላትን ልጄን የሰጠሁት ለቴዎፍሎስ ነውና እሱ እሺ ካላለ አልመርቅም ብለዋል። አርያም ደግሞ እናቴ ሳትመርቀኝ ቬሎ አልለብስም ብላለች። እንግዲህ የሁለት ልጆች ኑሮ ከእርስዎ አፍ በምትወጣ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ያቺ አፍ በዚያ ሰዓት በምን ሥራ ተይዛ እንደነበረች ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የነዳጅ ዘይቱ ዋጋ ሰማይ ከነካ ወዲህ በዚህ ከተማ ሽማግሌ ጠፍቷል። ጎልማሳው ካምፕ ነው፣ ሽበታሙ ኦቨርታይም ላይ ነው፣ ቀሪው ሁለተኛውን ቤት ለማየት ከኤጀንት ጋር ይዞራል። ለአንድ ቅዳሜ ሦስት ሰው አሟልተን ማግኘት አቅቶን ሦስተኛዋ ሽማግሌ እኔ ሆንኩ። ሴት ለሽምግልና አትሄድም የሚል ካለ ሺፍቱን ቀይሮ መምጣት ነበረበት። እኔ ጌታን ካገኘሁ ጀምሮ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ሆኖም ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋሽ ወልደየስ ሲነዱ፣ ጋሽ ዘውዱ ፊት ወንበር ላይ የሚናገሩትን ሲያሰላስሉ፣ ለእጅ መንሻ የያዝነውን የውስኪ ጠርሙስ የሚይዝ ጠፍቶ እስከ ኮክረን ድረስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ሄድኩ። ሃይዌይ ላይ ፓስተራችን አይተውኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይጸለይልኝ ነበር።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ/ ስለ አቀባበሉ። እንደምንመጣ ከሳምንት በፊት የተነገረዎ ሰው ስለሆኑ፣ ስንደርስ ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡትን ስድስት ሰባት ሰዎች የልጅቷ ወገን ሽማግሌዎች መስለውን እጅግ ተከበርን፤ ለእያንዳንዳቸውም ጎንበስ ብለን እጅ ነሣን። ለካስ ማኅበሩ መደበኛ ስብሰባ ላይ ነበር። አንደኛው የስኮትላንድ ደሴት ውስኪ እንደ ማገዶ ጭስ ካልሸተተ ውስኪ አይባልም ይላል፤ ሌላው ጭሱን የሚወድ ሰው ቤቱን ያቃጥል እያለ የሼሪ ወይን በርሜል ውስጥ የኖረውን ያወድሳል። ምክትልዎ አቶ ማኑ ደግሞ አንዱን ጠርሙስ ከፍ አድርገው ይህን ሳይቀምሱ መሞት ነውር ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ሳልቀምሰው ለመሞት ከቆረጡት ወገን ነኝና አፈርኩ። የትኛው ሱቅ ምን እንደገባለት፣ የትኛው ለስጦታ፣ የትኛው ለብቻ እንደሚሆን እንዲህ በዝርዝር የሚነጋገር ሸንጎ ለአንድ የታመመ ሰው መድኃኒት ቢፈልግ ኖሮ ስንቱን ባዳነ።

፪ኛ/ ስለ ጥያቄዎ። ጋሽ ዘውዱ ታክሲ ይንዱ እንጂ የሽምግልና ወጉን ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። በወጉ መሠረት ቁጭ በሉ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ውኃም አንቀምስም ብለው ቆሙ፤ እኛም አብረን ቆምን። እርስዎ ቀጥሉ ቀጥሉ ይሉ ነበር፤ ዓይንዎ ግን እጄ ላይ ነበር። ጋሽ ዘውዱ ልጅዎን ለልጃችን ከሚለው ሳይደርሱ እርስዎ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱት። ከዚያም ስንት ዓመቱ ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልደየስ የዋህ ሰው ናቸውና ሠላሳ አንድ ሞላው ብለው መለሱ፤ ለካ የጠየቁት ስለ አባይነህ አልነበረም። የልጁን የአባቱን ስም አልጠየቁም፣ አገሩን፣ ጠባዩን፣ ሃይማኖቱን አልጠየቁም። ጠርሙሱን ግን ከምን እህል እንደተሠራ፣ በምን በርሜል እንደተኛ፣ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ መረመሩት። ከዚሁ ከአልበርታ እህል የተሠራ ነው፣ ልጁ እንጀራዬን ካገኘሁበት ምድር ይሁን ብሎ የመረጠው ነው ቢባሉ ቤቱ በሣቅ ተሞላ። የእርስዎ ቤት፣ መኪናና ቤዝመንት ከየትኛው ምድር እንደተገኘ ረስቼ እኔም ልሥቅ ምንም አልቀረኝ።

፫ኛ/ ስለ ምርመራው። ክዳኑ በቡሽ ያልተደፈነ፣ ተጠምዝዞ የሚከፈት መሆኑን አቶ ማኑ ለሁሉም አሳዩ። እርስዎም ጠመዘዙት። በእነዚያ አፋቸው ጠበብ ባሉ ብርጭቆዎች ቀዱት፣ አዞሩት፣ አፍንጫዎን ከተው ዓይንዎን ጨፈኑ፤ ሰው የሞተ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አንዱ አዲስ ቀለም ሸተተኝ አለ፣ አንዱ ዝናብ የመታው ካርቶን አለ፣ ሌላው ጎረምሳ ነው፣ አልበሰለም ብሎ ፈረደ። እርስዎ ውኃ ጠብ አድርገው ጠጡ። ለማረጋገጥ ብለው ደገሙ። ከዚያ ከመቶ ስልሳ አንድ ሰጡት። ሦስት ሰው በክረምት ኮት ቆሞ ላቡ በጀርባው እየወረደ ነበር።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ግን በቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም። ክቡርነትዎ በታላቅ ርኅራኄ ይህ ቤት ከዘጠና በታች እንደማይቀበል ነገሩን። ብንሞክራቸው የሚጠቅሙንን ሦስት ዓይነት ስማቸውን ቆጠሩልን፤ ሱቁንም አመላከቱን፤ ቀምሳችሁ ግዙ፣ በስም ብቻ አትታለሉ ብለው መከሩን። የልጅቷ ጉዳይ እስከዚያ ይቆይ አሉ። አርያም ደረጃው ላይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ብርጭቆዎቹ ሲጋጩ እኔ ሰማሁ፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት በአፍንጫዎ ስለነበሩ ጆሮዎ አልሠራም። ትሪውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ወደ ላይ ወጣች። ክርስቲያን ነኝና እንደ ጠላሁዎት አልጽፍም፤ ለመጥላት ግን ብዙ ደክሜያለሁ።

አባይነህ ከካምፕ ሲመለስ ሁሉንም ነገርነው። አልተቆጣም። የነገሩንን ስሞች ይዞ አንድ ሱቅ ውስጥ ቅምሻ ተዘጋጅቶ ነበርና እዚያ ሄደ፤ ከማያውቃቸው ሰዎች መሐል የላስቲክ ኩባያ ይዞ ቆሞ አመሸ። ሲመለስ ወጥ ቤቴ ገብቶ፣ እትዬ፣ ዘጠና አንዱን ብወስድላቸው ዘጠና አምስት ይሉኛል፣ እኔ ግን በየትኛውም ጠርሙስ ውስጥ የለሁም አለኝ። በማግስቱ ጠቅልሎ ሰሜን ለመኖር ልብሱን በሻንጣ መክተት ጀመረ። አርያም ስልክ ስትደውልለት አያነሳም፤ እኔ ጋ እየደወለች ታለቅሳለች። ሁለት ልጆች ዓይኔ እያየ ሊለያዩ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ጋሽ ዘውዱ ዘንድ የሄድኩት። የሄድኩትም ሰው አዋጥቶም ቢሆን ባለ ዘጠናውን ፈልገን እንመለስ ለማለት ነበር። እሳቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝና ሁለተኛ ጠርሙስ ለምን ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያውን ጠጥተውት የለም ወይ አሉኝ። በዚህ ዕድሜያቸው ስንቱን ቤት እንዳንኳኩ ነገሩኝ። እምቢ ያለ ቤት ሞልቷል፤ ፀሐይ ላይ ያቆማቸው አለ፣ ውሻ የለቀቀባቸው አለ። ግን ልጁን የማይሰጥ ሰው ሽማግሌ ይዞት የመጣውን ነገር ከንፈሩን አያስነካም፤ እንደታሸገ በክብር ይመልሳል። ከፍቶ የጠጣ ሰጥቷል። የደገመ ደግሞ መርቆ ሰጥቷል። ጠጥቶ እምቢ ያለ ቤት ግን እናቴ ትሙት አላየሁም አሉኝ።

እዚያው ተቀምጠን ወይዘሮ ወለተማርያም ጋ ደወልን። ስለ ነጥቡም፣ ስለ ሣቁም፣ ስለ ዘጠናውም ሳንደብቅ ነገርናቸው። እሳቸው የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከፈተው ወይ፣ ደገመ ወይ። ሁለቱንም አዎ አልናቸው። ከዚያ እልልታው መጣ፤ ጋሽ ዘውዱ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። ቴዎፍሎስ ከልጅነቱ ጀምሮ ቁም ነገር በአፉ መናገር ያቅተው ነበር፣ እንኳን በጉሮሮው መለሰ ብለው ሁለቱንም ልጆች እየጠሩ መረቁ። አባይነህ ሻንጣውን ሲፈታ እኔ ልብሱን ልተኩስለት ብዬ ወሰድኩበት፤ ሌላ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በሁለቱ ቤተሰቦች ስም ስለ ሰጡን ፈጣንና ለጋስ እሺታ ከልብ አመሰግናለሁ። ምስክር ፍለጋም አላደከሙንም። አቶ ማኑ በማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ ከነጥቡ ጋር የለጠፉት ፎቶ አለ፤ እርስዎ ብርጭቆውን ወደ ከንፈርዎ አስጠግተዋል፣ ጠርሙሱ ተከፍቷል፣ ከኋላ ሦስት ሽማግሌ ቆሟል። ከዚህ የተሻለ የእሺታ ፎቶ ስላላገኘን የሠርጉ መጥሪያ ላይ አሳትመነዋል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የአባት ወንበርም የእርስዎ ነው። የሚቀርበው መጠጥ ያው ስልሳ አንዱ ነው። አፈ ጠባቡን ብርጭቆ ግን ከቤትዎ ይዘው ቢመጡ፣ አዳራሹ ያለው የሻይ ብርጭቆ ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። እርስዎ ቤት ያሉት ባለ ዘጠናዎቹ እንደ ጎደሉ አቧራ ለብሰው ቆመዋል ትላለች አርያም። የእኛው ግን ሳምንት ሳይሞላው ባዶውን ከሪሳይክል ሳጥን ውስጥ አግኝታ አምጥታልኛለች። ነጥቡ የት እንደ ደረሰ እግዚአብሔር ይወቅ፣ ጠብታ አልተረፈም። ባዶ ጠርሙስ በሳንቲም ወደሚቀበለው ቦትል ዲፖ አልወሰድኩትም፤ ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ አቁሜዋለሁ፣ የሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል።

በቀረው ዘመንዎ አፍንጫዎ እንዳይደነዝዝ፣ ጉሮሮዎም እንደዚያ ቅዳሜ ለቁም ነገር እንዲከፈት እየተመኘሁ፣

ያልቀመስኩትን የማልመዝን፣ የሽማግሌ እጥረት ያስከበረኝ፣
ፀሐይወርቅ፣ ከሳድል ሪጅ

ማስታወሻ፦ አንዳንድ የማኅበርዎ አባላት ሊቀመንበሩ የጠጡት ለማወዳደር እንጂ ለመስማማት አይደለም እያሉ እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ። ጋሽ ዘውዱን ብጠይቃቸው ለዚህም ወግ አለው አሉኝ፤ ቃሉን የሚመልስ ሰው የመጣለትንም እንደ መጣ፣ ሙሉውን፣ ክዳኑ ሳይነካ ይመልሳል። ባዶው እኔ ዘንድ ነው፤ በፈለጉት ቀን መጥተው ይውሰዱት። የጠጡትን በምን እንደሚሞሉት ግን የማኅበርዎን ምክር ይጠይቁ።