እማዬ የለመነችው መርሳት

ረቡዕ፣ ጥር 13

ለሰው ብናገረው አፍራለሁ፤ ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ የእናቴን በር ተደግፌ ወሬ ስሰርቅ ነበር።

ውስጥ ያሉት እማዬና ታናሽ እህቴ ሜሮን ናቸው። ሜሮን ኦቲዝም አለባት፤ እዚሁ አዳማ፣ አይጦች ፍርሃታቸውን እንዲረሱ በሚሞከርበት ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ናት። ወንድማችን አቤል ከዱከም ሲመለስ በመኪና አደጋ የሞተ ዕለት፣ እኛ በወጉ ማልደን መርዶ እስክናረዳት አፋችንን ይዘን ነበር። እማዬ ግን ለሜሮን ደውላ «አቤል የት ነው?» አለቻት። ሜሮንም «ሞቷል» ብላ መለሰችላት።

«ያንን ስልክ ከጭንቅላቴ አውጪልኝ። ለአይጥ ያዘንሽ ለእናትሽ አታዝኚም?» ትላለች እማዬ።

«ለሰው ገና አይሠራም። ቢሠራም አላደርገውም።»

«ምነው ጨከንሽብኝ ልጄ?»

«ከረሳሽው አቤል የት ነው ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔ መዋሸት አልችልም፤ እንደገና ልነግርሽ ነው።» ድምጿ ተሰበረ። «እማዬ፣ አንዴ ነግሬሻለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

«በቃ ሂጂልኝ!»

ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። «እትዬ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

በመጽሔት ስንቱን የምመክር ሴትዮ፣ እስከ ደጅ ሸኝቻት ብቻ ተመለስኩ።

ነገም እንደ ወትሮዋ ለእማዬ ቁርስ ይዛ ትመጣለች። በሩ ይከፈትላት እንደሆነ አይቼ እዚሁ እጽፈዋለሁ።