ያልተቆጠረው አቀበት

ስማዳ፣ የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ይታይሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን፣ እግርሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ቀኝ ትከሻዬ ተልጦ በግራ ጎኔ ብቻ ነው የምተኛው። እንዴት እንደተላጠ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ትሰሚዋለሽ።

ይህን የሚያነብልሽ አጎትሽ ቄስ በላይነህ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ከእርሳቸው በቀር እዚያ ታች ፊደል የለየ ሰው የለም። ሰው ልኬ በቃል ባስነግርሽ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የበደልኩሽ በእርሳቸው ፊት ነውና የምናዘዘውም በእርሳቸው አፍ ይሁን ብዬ ነው። ቄስ በላይነህ፣ በመስቀልዎ ይዤዎታለሁ፤ የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፅዎን ዝቅ እንዳያደርጉልኝ።

ይታይሽ፣ ያን የሽምብራ ቆሎ ታስታውሺዋለሽ?

ሠርጋችን ባለፈ በሳምንቱ ቤቱ የት ይሠራ የሚል ነገር ተነሣ። የእኔ የማኅሌት ሥራ ላይ ደጋው፣ ጊዮርጊስ ደብር ነው። ያንቺ ርስት ታች ግራር ውሃ ነው፤ ወንድም የለሽ፣ ማረሱን እኩል አራሹ ቢያርስልሽም አረሙ፣ አጨዳው፣ ከዝንጀሮ ጥበቃው ያንቺው ነው። በመሐል ደግሞ ያ አህያ እንኳ የማያሳልፍ አቀበት አለ። ከሁለታችን አንዳችን ዕድሜ ልካችንን ልንመላለስ ነው። አጎትሽ "መንገዱ የሚረዝምበት ሥራው አጠገብ ይቀመጥ፣ የሚያጥርለት ይመላለስ" ብለው ከሽማግሌዎቹ ጋር ፈረዱ። ደግ ፍርድ ነበር። ሰዓት ያሰረ ሰው በሌለበት አገር መንገዱ በምን ይለካ ሲባል "እኔ በመቁጠሪያዬ እለካዋለሁ" አልኩ። የደብር ሰው ነኝ፣ ማን ይጠረጥረኛል?

መጀመሪያ ከግራር ውሃ ተነሥቼ ወደ ደብሩ ወጣሁ። እግዚኦ መሐረነ እያልኩ መቁጠሪያዬን እጎትታለሁ፤ አርባ አንዱ ፍሬ አንድ ዙር በሞላ ቁጥር አንድ ሽምብራ በነጠላዬ ጫፍ እይዛለሁ። በማግስቱ ከደብሩ ወደ ግራር ውሃ ወረድኩ፤ እንዲሁ ቆጠርኩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት ሁለቱንም ሰፌድ ላይ ለየብቻ ዘረገፍኳቸው።

"ይኸ የእኔ መሄጃ ነው፤ አርባ ሁለት። ይኸኛው የእርሷ መሄጃ ነው፤ ሃያ አንድ" አልኩ።

አጎትሽ ክምሩን ትክ ብለው አይተው ጢማቸውን አሻሹ። "እንግዲህ በእግዚኦታ የተቆጠረ ነገር ነው፣ ማን ይከራከረዋል?" አሉ። አንቺም እጅሽን አጣምረሽ እንደቆምሽ "እርስዎ ካሉ ይሁን" አልሽ። ቤቱ ላይ ደጋው እንዲሠራ ከተፈረደ በኋላ ማስረጃውን ተካፍለን ቆረጠምነው። አይ እኔ!

መሄጃ ብቻ ነው የቆጠርኩት። መመለሻውስ? እኔ ታች ብኖር ጠዋት ወጥቼ ስመለስ ቁልቁለት ነው፤ ያውም ባዶ እጄን። አንቺ ላይ ስትኖሪ ጠዋት ወርደሽ ስትመለሺ አቀበት ነው፤ ያውም ተሸክመሽ። ተሳስቶ ነው እንዳትዪ፣ አልተሳሳትኩም። ያን ቀን ታች ደርሼ ዞር ብዬ አቀበቱን አየሁት። "ይህን ሁልጊዜ ማታ የምትወጣው እርሷ ናት" ብዬ አሰብኩ፤ አስቤም ዝም አልኩ። እግዚኦ ማረን እያልኩ ነበር የበደልኩሽ፣ ይታይሽ። ለንስሐ አባቴ እንኳ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

አራት ዓመት ወጣሽ፣ ወረድሽ። እኔ እግሬን ወደ ምድጃው ዘርግቼ "ምነው ዘገየሽ?" እልሽ ነበር። አንቺ ሸክምሽን ጓዳ ውስጥ አውርደሽ፣ ላብሽን በነጠላሽ ጫፍ ጠርገሽ "መጣሁ" ትዪኛለሽ። ክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆን ጉልበትሽ ድረስ ተለውሰሽ ትገቢያለሽ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ እስከ እኩሌታው ወርጄ ሸክምሽን አልተቀበልኩሽም። "የግራ ጌታ ላቀው ሚስት ብርቱ ናት" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንደው ምን ዓይነት ድንጋይ ነኝ?

ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ተወቅቶ ሲያልቅ እዚያው ቀረሽ። ሦስት ቀን ጠብቄ ተቆጥቼ ወረድኩ። አውድማው ዳር ከዚያች የዝንጀሮ መጠበቂያ ጎጆሽ ደጃፍ ተቀምጠሽ ነበር፤ አልተነሣሽልኝም።

"ምነው፣ ቤት የለሽም?" አልኩሽ።

"ስድስት ወሬ ነው። ይህን ሆድ ይዤ አቀበቱን አልወጣም። ከፈለግህ አንተ ውረድ" አልሽኝ።

አራት ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትዪኝ ኖረሽ ያን ቀን "አንተ" አልሽኝ። ደንግጬ "በሽማግሌ ያለቀ ነገር እኮ ነው፣ የተለካ መንገድ ነው" አልኩ። ሳቅሽብኝ።

"መሄጃዬን ቆጠርክ፤ መመለሻዬን መች ቆጠርክ? ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ራሱ ይናገር ይሆናል ብዬ ነው አራት ዓመት የጠበቅሁህ።"

ተመልሼ ወጥቼ ለሰው ሁሉ "ጥጋብ ነው" ብዬ አወራሁብሽ። ይህንንም ያንብቡላት፣ ቄስ በላይነህ። ጥጋብ ነው ብያለሁ። ጥምቀት ሲያልፍ ሽማግሌ ልልክብሽ አስቤ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ሳስብ ያ ሰፌድ ፊቴ ላይ ድቅን እያለ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት የጎተራው ጤፍ አልቆ ልወስድ መጣሁ። ስልቻውን ሞልተሽ አፉን አሰርሽና "የዘወትሩን ያህል ነው" ብለሽ አሸከምሽኝ። ስነሣ እንደለመድኩት መቁጠሪያዬን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። በምን እጄ ልያዘው? ሁለቱም የስልቻውን ጠፍር ጨብጠዋል። መቁጠሪያው አንገቴ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ዋለ፤ ጠፍሩም ቀኝ ትከሻዬን ላጠኝ። ጸሎቱንም በቃሌ ልበል ብል ትንፋሽ አጣሁ። ያን መንገድ ከነሸክሙ መቁጠር የሚችል ሰው የለም፤ የሚቆጥረው እንደ ያኔው እኔ እጁ ባዶ የሆነ ብቻ ነው።

እኩሌታው ላይ፣ ገደሉ ጥግ ድንጋይ ደራርበሽ የሸክም ማሳረፊያ መሥራትሽን አላውቅም ነበር። ልደገፈው ብል ዝቅ አለብኝ፤ በአንቺ ወገብ ልክ ነው የሠራሽው። ያን ጊዜ ስልቻውን ጥዬ እዚያው አለቀስኩ። ሁለት ገበሬዎች ሲያልፉ "ምን ሆኑ፣ ጌታው?" ቢሉኝ ሆዴን ቆርጦኝ ነው አልኳቸው።

በማግስቱ አለቃ አድማሱ ዘንድ ገባሁ። የደብራችንን አለቃ ቁጣ ታውቂዋለሽ። "ወደ ግራር ውሃ ልወርድ ነው፣ እየተመላለስኩ ላገልግል" አልኳቸው።

"ከቆላ እየወጣህ ማኅሌት ልትቆም? ክረምት ሲመጣስ ምን ልትሆን ነው?"

"እርሷ ክረምት ሲመጣ ምን ትሆን ነበር፣ አባቴ?"

አለቃም "የማኅሌቱን ግራ ጌታነት አጠገቤ ለሚያድር ሰው እሰጠዋለሁ፤ አንተ በደረስክበት ቀን ከተራው የደብተራ ጭፍራ ጋር ትቆማለህ" አሉኝ። እሺ ብዬ እጅ ነስቼ ወጣሁ። አልዋሽሽም፣ ቆጭቶኛል። ያን ቦታ ስምንት ዓመት ጠብቄ ነው ያገኘሁት፤ ሌላ ሰው ቆሞበት ሳይ ምን እንደሚሰማኝ እኔው አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን የምነግርሽ ውለታ እንድትቆጥሪልኝ አይደለም። ከእንግዲህ ወሬውን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

ሐሙስ ኪዳን አድርሼ እወርዳለሁ፤ ጾሙ ሳይገባ። አደራ፣ ልቀበልህ ብለሽ ከደጃፍ እንዳትወጪ። እዚያ ስንኖር እኔ በየማለዳው እወጣለሁ፤ ልጃችንም ሲወለድ አባቱ ላይ ታች ሲል እያየ ይደግ። ይህ እንግዲህ የእኔ አሳብ ነው። አንድ ጊዜ ለሁለታችን ብቻዬን ወስኜ አይተሻል፤ አሁን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ጎጆውም ያንቺ ነው፣ ርስቱም ያንቺ። ግባ ካልሽኝ እገባለሁ። እምቢ ካልሽም በሰው አትላኪብኝ፤ እዚያው ደጃፍሽ ላይ ቆሜ ከአንቺው አፍ ልስማው። አቀበቱን እኔ ተመልሼ እወጣዋለሁ።

እስከ ሐሙስ ባልሽ ነኝ ለማለት አልደፍርም፤

ላቀው