ያላንተ ያየሁት የወይን ለቀማ

ታሬዬ፣ ካለህበት ይድረስህ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሸዋ ሮቢት ያው እንደምታውቃት ትፈላለች። አያፈራም ብለህ ልትቆርጠው የዛትክበት ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ መሄድህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል።

ከሁሉ በላይ የተለወጥከው ግን አንተ ነህ። እህትህ እትዬ ዘነቡ ድንኳን ውስጥ "እጀ ሰፊው፣ ቸሩ ወንድሜ" እያሉ ሲያለቅሱ፣ የሌላ ሰው ለቅሶ የገባሁ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚልህ።

ስንጋባ ዝዋይ ወስጄ የወይን ለቀማ አሳይሻለሁ ብለኸኝ ነበር። ኅዳር ሲገባ እዚሁ አጠገባችን ጀውሃ ወስደህ የማሽላ አጨዳ አሳየኸኝ። "ያም ያሰክራል፣ ይህም ያሰክራል፤ ልዩነቱ ትራንስፖርት ነው" አልክ። አንድ ሽሮ ለሁለት አዘዝክ፤ አንቺ ብዙ አትበዪም ብለህ ራስህ ጨረስከው።

ሰሞኑን ልጃችንን ሃናን ይዤ ዝዋይ ሄድኩ። ርካሽ አውቶቡስ፣ ርካሽ አልጋ፣ ከቤት የተቋጠረ ዳቦ፤ ቁጠባህ ተጋብቶብኛል። እትዬ ዘነቡ መናኸሪያ ድረስ ተከትለውኝ "የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ወይን ልትጠጪ?" ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ለማየት ተንጠራራ። ዝዋይ ስንደርስ የወይን እርሻው ዘበኛ ደግሞ ጥቁር ከሌን አይቶ "ነፍስ ይማር፤ ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ በኩል ነው" አለኝ።

ገባን። ለቃሚዎቹ እየተቀላለዱ ዘለላውን ይቆርጣሉ፤ አንዷ ለሃና ሰጠቻት። ደስ ይላል፣ ታሬ። ይህ ስንት ነው፣ ያ ለምን ተወደደ የሚል ሰው አጠገቤ አልነበረም። ጉዞ ያላንተ ይሻላል።

ከዚያ ልጅህ አፏን ሞልታ "አባዬ ቢኖር ለሁሉም ሰው ይገዛ ነበር" አለች።

ለቀብርህ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ። ልጄ የምትናፍቀው ሰው ተወልዶም አያውቅም። ያኔ እውነቱን ነገርኳት፤ ንፍገትህን፣ ጭቅጭቅህን፣ በገዛ ቀልድህ ብቻህን መሳቅህን። አኮረፈች። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጣርማ በር ላይ፣ ቆላው ከታች መታየት ሲጀምር፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች "ሌላስ ምን ያደርግ ነበር?" አለችኝ።

ቤት እስክንደርስ አወራሁላት፤ አላለቅክም። ለሙት ዓመትህ እትዬ ዘነቡ የፈለጉትን ቅዱስ ፈጥረው ያልቅሱ። እኔ ግን አንተኑ፣ ሳላሳምር፣ እስከ ቆንቋናነትህ አስታውስሃለሁ።