ለቤታቸው ሳይደርስ የቀረው መብራት፦ የአቶ ሙሐመድዘይን ዓብዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙሐመድዘይን ዓብዱ ከአባታቸው ከአቶ ዓብዱ ሙሄ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘምዘም ኢልያስ በ1952 ዓ.ም.፣ ማሽላው በሚታጨድበት በኅዳር ወር፣ ጨፋ ሮቢት ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ወደ ከሚሴ መጡና ከአጎታቸው ዘንድ ቆርቆሮ መቁረጥና መበየድ ለመዱ።

የመጀመሪያ ሥራቸው ከዘይት ጣሳ ኩራዝ መሥራት ነበር። ከተማው መብራት ሲያገኝ ኩራዙ ገዢ አጣ፤ እርሳቸውም በርና መስኮት ወደ መበየድ ዞሩ። በ1979 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘይና ሙህዲንን አግብተው ሁዳን፣ ቶፊቅንና አፍናንን ወለዱ።

ወደ ሠላሳ ዓመት በር ሲበይዱ ከኖሩ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ከተራረፈ ላሜራ አንድ መብራት ሠሩ። ቁመቱ ሰው ያህላል፤ መልኩ ዘለላው የከበደው የማሽላ አገዳ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ በሚስማር የተበሳሳ ነው። ሲበራ ጥላው ግድግዳውን የማሽላ ማሳ ያስመስለዋል። ሱቃቸው በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ወደ ደሴ ያልፍ የነበረ አንድ የአዲስ አበባ የጥበብ ሥራ ነጋዴ አይቶት መኪናውን አቆመ። የፈለገው ስምንት ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ከሥሩ ቁጥር ይመታበታል፤ ከስምንቱ በኋላ ሌላ አይሠራም። አቶ ሙሐመድዘይን እጁን ጨብጠው ቃል ሰጡ። ነጋዴው ያቀረበውን ውል ፈረሙት እንጂ አላነበቡትም፤ ቃሉን የሰጠ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል ይሉ ነበር።

ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። ቅጠሉን የሚያጥፉት ወይዘሮ ዘይና ነበሩ፤ ጣታቸው በቆርቆሮ ስለት ያልተቆረጠበት ሳምንት አልነበረም። ስምንተኛው ሊጫን ሲል፣ አንድ ለቤታችን ሥራልን ብለው ጠየቁ። አቶ ሙሐመድዘይን "ዘጠነኛ ከሠራሁ የስምንቱን ገዢዎች ዋሸኋቸው ማለት ነው" ብለው እምቢ አሉ። ጎረቤትም ለሠርግ ለምኖ ተከለከለ። "ሙሐመድዘይን ለሩቅ ሰው ያበራል፤ እኛ ባትሪ ይዘን እንሂድ" እየተባለ ተቀለደባቸው። መብራቶቹ ባሕር ተሻግረው በሰው ሳሎን መቆማቸውን ቤተሰቡ በስልክ ፎቶ አየ። በቤታቸው አንድ ተራ አምፖል እንደተንጠለጠለ ስድስት ዓመት አለፈ። ወይዘሮ ዘይና ዳግመኛ አልጠየቁም።

በ2016 ዓ.ም. የብየዳ እሳት ያደከመው ዓይናቸው ማየት ተሳነው፤ ኩላሊታቸውም ታመመ። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር የወንድማቸው ልጅ አንዋር የሕክምና ወረቀት ሲፈልግ ውሉን ከሳጥን ውስጥ አግኝቶ አነበበላቸው። ውሉ፣ ሠሪው ከስምንቱ ሌላ ሁለት መብራት ለራሱ ማስቀረት ይችላል፤ መሸጥ ግን አይችልም ይላል። ሦስት ጊዜ አስነበቡት። የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም።

በማግስቱ በዳበሳ መቁረጥ ጀመሩ። ለአንድ መብራት ሁለት መቶ ቅጠል ያስፈልጋል። እያረፉ፣ እየታመሙ፣ ደሴ ሐኪም ቤት እየተመላለሱ በስድስት ወር አርባ ያህል ቆረጡ። በመጨረሻ መቀሱ ከበዳቸው። ወይዘሮ ዘይናን ጠርተው "አፉ በይኝ፤ ባለማወቄ ሐቅሽን ከለከልኩሽ" አሏቸው። እርሳቸውም "አፉ ብዬሃለሁ፣ የሁዳ አባት። አሁን እጅህን አሳርፍ" ብለው መቀሱን ከእጃቸው ወሰዱት።

አቶ ሙሐመድዘይን በተወለዱ በ65 ዓመታቸው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አርብ ጎህ ሲቀድ ወደ አኼራ ሄዱ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት ከሚሴ ተቀበሩ። ልጆቻቸው የቀረውን ቅጠል ቆርጠን እንጨርሰው ቢሉ ወይዘሮ ዘይና አልፈቀዱም። አርባው ቅጠል እንዳለ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። አላህ ስለ ቃላቸው የደከሙትን ይቁጠርላቸው፤ ባለማወቅ ያጎደሉትን ይማራቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው። ለወይዘሮ ዘይና ሶብሩን ይስጣቸው። አሚን።