የግርማ የቆርቆሮ ዋሽንት

ሰኞ

ዛሬም ዋይ ዋይ አለብኝ እንጂ ዘፈን አልሆነም። ቀዳዳዋ ስድስት ነው፤ ጣቶቼ መሀል ላይ ሲደርሱ ይከዱኛል። ይቺ የባሌ የግርማ የቆርቆሮ ዋሽንት ናት። ወጣት ሳለ አሜሪካዊ አስተማሪው ሰጠው፤ የአገሩን የጥንት የሕዝብ ዘፈንም አስጠናው። ሲያጨኝ የነፋልኝ እሱን ነው። አሁን ግርማ እኔን ረስቶኛል። "እርስዎ ማነዎት?" ይለኛል፣ ያውም ከወንበሩ ተነስቶ። ዘፈኑን ከሰማ ያውቀኝ ይሆናል ብዬ ነው የምለፋው። ሞኝነትም ከሆነ ይሁን።

ማክሰኞ

ልጃችን ሊዲያ እዚህ በሰው አገር፣ ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ካርጎ ነው የምትሠራው። ስትመለስ ዜማውን ከስልኳ እየከፈተች ታስጠናኛለች። ዛሬ ሳቀችብኝ። "ማሚ፣ ፖሌፖሌ፣ ቀስ በይ እንጂ! ፎክ ሶንጉን ለቅሶ ቤት አደረግሽው እኮ!"

እውነቷን ነው። ድምፁን ሳላንቀጠቅጥ ማለፍ አልችልም፤ ከልጅነቴ በመዝሙር የለመድኩት ነው። "ስትሬት አድርጊው" ትላለች። ሆድ ሲብስ እንዴት ነው ቀጥ የሚለው?

ረቡዕ

የምንኖርበት የኪሊማኒ ሰፈር ፎቅ ግድግዳው ስስ ነው። ከላይ የሚኖሩት እትዬ አስቴር ደረጃ ላይ ያዙኝ። "በሁዳዴ ዘፈን? ምነው እቴ፣ ምን ነካሽ?"

አፈርኩ። ዋሽንቷን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ግርማ ምሳውን እምቢ አለ። እኔም አልበላሁ።

ሐሙስ

አላስችል አለኝና ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። "አባ፣ ጾሙን አረከስኩት መሰለኝ" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

እሳቸውም መልሰው ጠየቁኝ። "ለጭፈራ ነው?"

"ኧረ አባ!"

"እንግዲያው ማስታመም ነው። ንፊለት።"

እልል ማለት አማረኝ። ሊዲያ እስክትመጣ አላስቻለኝም፤ ብቻዬን ደጋግሜ እስከ መጨረሻው ተወጣሁት። ይንቀጠቀጣል፣ ግን ዘፈኑ ነው።

ቅዳሜ

ነፋሁለት።

መጀመሪያ ዞር ብሎም አላየኝ። ከዚያ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ አብረውኝ ይሄዱ ጀመር፤ እኔ የሳትኩትን እንኳ እሱ አልሳተም። ዓይኑ እንባ ሞላ። አወቀኝ! ብዬ ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

ስጨርስ እጄን ያዘኝ። "ይሄን ዘፈን ያውቁታል እንዴ?" አለኝ። "ባለቤቴ እንዴት እንደምትወደው! እባክዎ አይሂዱ፤ አሁን ትመጣለች። ለእሷም ይንፉላት።"

እሺ አልኩት። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው ጠበቅኳት።