በየፎቁ የሚቆሙት ጋሽ ልኬት

ሁላችንም «ጋሽ ልኬት» የምንላቸው አናጢ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሰባት ልጆች አራተኛ ሆነው ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ የክፍሉን የተሰበሩ ወንበሮች ሲጠግኑ ያዩ አስተማሪያቸውም ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ወሰዷቸው። ከሜትር ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው፤ የተለያዩት ትናንት ማክሰኞ ነው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ታላቅ እኅቴን አገቡ። ሊጠይቋት የመጡ ዕለት በራችን ዘሞ ስላዩት ሳይቀመጡ አስተካከሉት፤ አባቴ የፈቀዱት ለበሩ ብለው ነው የሚል ሐሜት እስካሁን አለ። እኔም በምኖርበት፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ኖረው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

እኅቴን ጉልበቷን ሲያማት፣ ረጅም እጀታ ያላት ትንሽ የእንጨት መርገጫ ሠሩላት። እግር መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ደረጃውን ይረግጣል፤ አንዱ ደረጃ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ግን ከደረጃው እኩል ሆና አረፈችው። ሜትር ከእጃቸው የማይለይ ሰው፣ የቤታቸውን ደረጃ አውቀዋለሁ ብለው በዓይናቸው ነበር የለኩት! እኅቴ «ከደረጃ ስሸሽ ደረጃ ሠራህልኝ» አለች። ሁለተኛዋ ልክ ሆነች፤ በእጀታዋ እየተሳበች ስለምትከተልም ሕንፃው «ፍየሏ» አላት።

ለብዙ ጉልበተ ደካሞች ፍየል ሠሩ። ራሳቸው ግን «የሽማግሌ ዕቃ ነው» ብለው እንቢ አሉ፤ ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ታናሾቻቸው ነበሩ። ይልቅ በየፎቁ ያንኳኩ ነበር፤ አንደኛ ፎቅ የጡረተኛዋን ነርስ፣ ሁለተኛ ፎቅ እኔን ስለ ወገቤ፣ ሦስተኛ ፎቅ ሰዓት ሠሪውን ይጠይቃሉ። እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ስንል፣ ለካ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ኖሯል! እኅቴ በፍየሏ ቀድማ ወጥታ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች።

ልጆቻቸው ሲደርሱበት «ከእኛ ጋር ምድር ቤት ኑሩ» አሉ። ለጋሽ ልኬት ግን በሩንና መስኮቱን በእጃቸው የሠሩትን ቤት መልቀቅ ሞት ነበር። ሳይቆሙ አራተኛ ፎቅ ከደረሱ ሊኖሩ፣ ከቆሙ ሊወርዱ ውል ተገባ። እሳቸውም «ለደንበኛ ነው» እያሉ በራሳቸው ልክ አንዲት ፍየል ሠሩ።

በፈተናው እሑድ ሁላችንም በየበራችን ቆመናል። ጋሽ ልኬት በአዲሷ ፍየል ላብ እንኳ ሳይነካቸው ሁለተኛ ፎቅ ደረሱና ቆሙ። «ወገብሽ እንዴት አደረ?» አሉኝ።

ልጃቸው «አባዬ፣ ቆምክ እኮ!» ሲል ተቆጡ። «ደክሞኝ መሰለህ? ሰው በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ዝም ብዬ ልለፍ?» አሉ። ማንም አላመናቸውም። ወርደው እንደገና ጀመሩ፤ ዓይናቸውን እግራቸው ላይ ተክለው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ቤታቸው ተረፈ። ሰዓት ሠሪው ግን «ምን በደልኳቸው?» ብሎ አኮረፈ፤ በማግሥቱ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ሳያጥራቸው በየፎቁ መቆማቸውን ቀጠሉ።

ልባቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ማክሰኞ በዚያው በሚወዱት ቤት እኅቴ እጃቸውን እንደያዘች አረፉ። የተናዘዙት አንድ ነገር ነው፤ አስከሬናቸው ሲወርድ በየፎቁ እንዲቆም። «ለተሸካሚዎቹ ወገብ አዝኜ ነው» ብለዋል። ይህንንም አላመንናቸውም። ዛሬ ጠዋት ሁላችንም በራችንን ከፍተን ጠበቅናቸው፤ እኔም «ወገቤ ደኅና ነው» አልኳቸው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና በጣም የሚናፍቃቸውን አንድ ሙሉ ሕንፃ ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎች ዘንድ ያሳርፍልን፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደረጃ ካለውም፣ በየፎቁ የሚያነጋግሩት ሰው አይጡ።