ዝይዋ ሻማ ይዛ ድልድይ ተሻገረች

ሃርደን ሌክ፣ ሚያዝያ አጋማሽ

ለልጄ፣

እንደምን ከረምክ? ራስህን እንዴት አደረገህ? በብርዱ ወራት ፀሐይዋ በረዶው ላይ እያንጸባረቀች እንዳስቸገረችህ አስታማሚህ ጃኒስ በስልክ ነግራኛለች፤ አሁን በረዶው ስለቀለጠ ትንሽ እፎይ ብለህ ይሆናል። መጋረጃው ወፍራሙ ነው ወይ? ሾርባውንስ ትጠጣለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም አብሮኝ የኖረ ስለሆነ አልቀየመውም። ሐይቁ ትናንት መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ድምፁ እስከ ወጥ ቤት ይሰማል።

ከገና ወዲህ አልጻፍኩልህም። ለመጻፍ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ፣ አንድ ቀን አይደለም። ጃኒስ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጋ የቡድናችንን የእንጨት ቆራጮቹን የበረዶ ሆኪ ጨዋታ እንደምታሰማህ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጥሎ ማለፍ መውደቃችንን ሰምተሃል። ለምን እንደወደቅን ግን ሬዲዮው አልነገረህም፤ አያውቅማ። የማውቀው እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ ቡድኑ አንድ ተጫዋች ለወቅቱ ቤትሽ አሳድሪልን አለኝ። አባትህ ከሞተ ወዲህ ማንንም አላሳደርኩም ነበር፤ እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ እሺ አልኩ። ኮልተን ፔትሪሺን ይባላል፤ ከሳስካችዋን የስንዴ አገር የመጣ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነው። መልበሻ ክፍል ውስጥ የማንንም ስም ሙሉውን አይጠሩም፣ ፔትሪ ነው የሚሉት። ያስተኛሁት ያንተ ክፍል ነው። ሳልጠይቅህ በማድረጌ ይቅር በለኝ። ዕቃህን አልነካሁም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ዱላህንም እንደተሰቀለ ነው የተውኩት።

ሲበላ ማየት ደስ ይል ነበር። ድንቹን ከነድስቱ ይጠርግና «እማማ ዊኒ፣ እኔ እንግዳ አይደለሁም፣ ጎርፍ ነኝ» ይለኛል። በመጣ ሰሞን የጭንቅላት ፈተና ተፈተነ። ባንተ ጊዜ አልነበረም፤ አሁን ወቅቱ ሳይጀመር ሁሉም ይፈተናሉ። አምስት ቃል ይነበብላቸዋል፣ ቆየት ብለው ይደግሙታል፣ ውጤቱ ይቀመጣል። በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደግሞ ይፈተንና ከመጀመሪያው ውጤቱ ጋር ይመዘናል። ፔትሪ ከፈተናው የተመለሰው እየሳቀ ነው። «ሆን ብዬ ወደቅኩ። አምስቱንም አውቃቸው ነበር፣ ሁለቱን ብቻ አልኩላቸው። አሁን ደደብነቴ በይፋ ተመዝግቧል፤ ቢመቱኝም ያው ነኝ! ነባሮቹ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ድንች ጨመርኩለት።

ጥቅምትና ኅዳር መከራ ነበሩ። በረኛችን ብሽሽቱን ታሞ ተኛ፣ በገዛ ሜዳችን እየተሸነፍን ሰዉ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ወደ መኪናው መሮጥ ጀመረ። ታኅሣሥ ላይ ነገሩ ተቃና። ፔትሪ ጎሉ አፍ ላይ እንደ ግንድ ይተከላል፤ ጀርባውን በዱላ ይቀጠቅጡታል፣ እሱ ግን ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር ጎማ፣ ሳያገባ አይነቃነቅም። ወቅቱን ሁለተኛ ሆነን ጨረስን። የአባትህ ወዳጅ ሌስ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ዶናት ቤት ስገባ ባየኝ ቁጥር «የፔትሪ እናት መጣች፣ ወንበር ልቀቁ!» ብሎ ይጮኻል። እኔ እዚያ ቤት ለዓመታት ጥግ ይዤ መጽሐፌን የማነብ ሴት ነኝ። አሁን ወንበር ተሳበልኝ፣ ሰው በስሜ ጠራኝ። ወደድኩት፣ ልጄ። በጣም ወደድኩት።

ጥሎ ማለፉ ሲቃረብ እንደ ልማዱ ሁሉም ጺሙን አሳደገ። የፔትሪ እዚህም እዚያም ብቅ ብላ ቀረች፤ ሌስ «ይቺ ጺም ናት ወይስ የተነጨች ዶሮ?» እያለ ይስቅበት ነበር። በመደበኛው ወቅት የመጨረሻ ሳምንት ከሜዳው አጥር ጋር አላተሙት። ወደቀ፣ ወዲያው ተነሣ፣ እየተንሸራተተ ሄዶ የተቃራኒዎቻችን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሌስ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «አየሽልኝ? እየሰለለልን ነው!» አለ። እኔ የምቀመጠው የአባትህ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ የሰው ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። አልሳቅኩም።

በማግስቱ ለቁርስ ሲወርድ መጋረጃውን ስቤ ክፍሉን አጨልሜ ጠበቅኩት። ቆም ብሎ «እንዴት አወቅሽ?» አለኝ። ሻዩን ቀዳሁለት።

ጠረጴዛው ላይ እጄን ይዞ ለመነኝ። «ለኖሪን እንዳትነግሪብኝ» አለ። ኖሪን የተጫዋቾቹን ጉዳት የምትከታተለው ናት። «ከላይኛው ሊግ ተጫዋች መልማይ ለጥሎ ማለፉ ይመጣል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እማማ ዊኒ፤ ካሁን በኋላ ማንም ሊያየኝ አይመጣም። እሱ ይየኝ እንጂ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም እተኛለሁ። በእናቴ!» አለኝ። ኖሪን ግን ያን የወንበር ነገር አይታ ኖሮ ፈተናውን ድገም አለችው። የቃላቱ ወረቀት ዘንድሮም ያው ነው፣ ነባሮቹ በቃላቸው ያውቁታል። ሻማ፣ ድልድይ፣ ዝይ፣ ቁልፍ፣ ማር። ፔትሪ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲደጋግም ዋለ፤ ሁለቱን እንኳ መያዝ አቃተው። ያ ትልቅ ሰው እንባው መጣ።

ትምህርት ቤት ያልጨረስኩ መሆኔን ታውቃለህ። ማንበብ የተማርኩት አንተ በጣልካቸው የልጅነት መጻሕፍት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከቤተ መጻሕፍቱ ያልተዋስኩት ጥቂት ነው። ካነበብኳቸው በአንዱ፣ ቃላት በተረት ከተሳሰሩ ከአእምሮ አይወጡም ይላል። እናም «ዝይዋ ሻማ ይዛ ድልድይ ተሻገረች፤ ቁልፏን ማር ውስጥ ጣለች» ብዬ አስተማርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን ተከተለኝ። በማግስቱ በሩን በርግዶ ገብቶ «አለፍኩ! እማማ ዊኒ፣ ፕሮፌሰር ነሽ!» ብሎ ከመሬት አነሣኝ። በዚያ ሰዓት ኮራሁ።

የደረሰን ቡድን ሴንት ኦሜር ነበር፤ በሰንጠረዡ ከእኛ በብዙ የሚያንስ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያውን እዚሁ አሸነፍን፣ ፔትሪ ሁለት አገባ። ሌስ ጉንጬን ሳመኝ፤ ዶናት ቤት ሒሳቤን ማን እንደከፈለው እንኳ አላወቅኩም። ሁለተኛውን በጭማሪ ሰዓት ተሸነፍን። ፔትሪ የሚጠብቀውን ሰው ጥሎ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ሰዉ ደክሞት ነው አለ። እኔም ደክሞት ነው አልኩ።

ወደ ሴንት ኦሜር በሚጓዙበት ቀን ጠዋት ቁርስ አቀረብኩለት። ስለ ቤታቸው ውሻ አጫወተኝ። ውሻው እሁድ እሁድ ከአባቱ መኪና ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ስብከቱ መሐል አባቱ ሲያንኮራፋ ይጮህበታል። ቄሱም አንድ ቀን «ከፔትሪሺን ቤተሰብ አንድ የሚያዳምጠኝ ስላለ ተመስገን» አሉ። ከልቤ ሳቅኩ። ሻይ ልጨምርለት ተነሥቼ ስመለስ «ስለ ውሻችን ነግሬሻለሁ?» አለና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያው ቃል፣ ያው የእጅ እንቅስቃሴ፣ ቄሱ ጋ ሲደርስ ያው ፈገግታ። ሁለተኛም ሳቅኩለት። መሳቁን የት እንደተማርኩት ላንተ መንገር አያስፈልገኝም። በር ላይ ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ «እማማ ዊኒ፣ ስለ ውሻችን ነግሬሽ አውቃለሁ?» አለኝ። «አልነገርከኝም» አልኩት። ነገረኝ። ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ።

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ከዚያ ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። በዚህ ጉልበቴ የወፍጮውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ የአውቶቡሱ ሞተር ተነሥቶ ዱላዎቹን እየጫኑ ነበር። ኖሪንን ወደ ጎን ጠርቼ ፔትሪ ታሟል አልኳት። «ፈተናውን አልፏል እኮ፣ እማማ ዊኒ» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያስጠናሁት» አልኳት። ወደ አውቶቡሱ ገባች። አሰልጣኝ ሃልቨርሰን ወረደ። «ዊኒ፣ አንቺ የቡድናችን ዕቃ ያዥ የነበረው ሰው ሚስት ነሽ። ይሄን ነገር ከዚህ ሁሉ ሰው ይበልጥ ታውቂዋለሽ። አሁን ነው የሚነገረኝ?» አለ። «ዘግይቻለሁ» አልኩት። ስለ አውቶቡሱ የምናገር መሰለው።

ፔትሪ ቦርሳውን ይዞ ወረደ። ምን እንደተፈጠረ ቶሎ አልገባውም፤ ሲገባው ወደኔ ዞሮ «አንቺ?» አለ። አውቶቡሱ ሄደ፤ መልማዩም ወደዚያው ሄዷል።

በሬዲዮ የሰማኸው «በላይኛው የሰውነት ክፍል ጉዳት» ይህ ነው። እንደምታውቀው ከዚያ አልፈው አይናገሩም። እዚያ ሁለቱንም ተሸነፍን። አምስተኛውን እዚህ ሲደግሙን ሰዉ ተነሥቶ እንኳ አልተሳደበም። ሁለቱ ቡድኖች እንደ ወጉ ተሰልፈው ሲጨባበጡ ፔትሪ በሙሉ ልብስና በቆዳ ጫማ በረዶው ላይ ወጣ። እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየሄደ የእያንዳንዳቸውን እጅ ጨበጠ። ከሴንት ኦሜር አንዱ ግዙፍ ተከላካይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረውና ጭንቅላቱን በጓንቱ ቀስ አድርጎ ነካው።

ወሬው ከአውቶቡሱ ወርዶ ከተማውን ሞላው። ሌስ ዶናት ቤት ውስጥ ሁሉም እየሰማ «ዊኒ፣ ለሴንት ኦሜር የፈረምሽው ለስንት ዓመት ነው?» አለኝ። ወንበር የሳበልኝ የለም። መጽሐፌን ይዤ ወደ ጥጌ ተመለስኩ። ይህ አላሳፈረኝም፤ ጥጉን እኔም ናፍቄው ነበር።

ያሳፈረኝ ሌላ ነው። አባቱ በጭነት መኪናው ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሊወስደው መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በሬ ላይ ቆመና «እመቤቴ፣ ልጁ ሕይወቴን አበላሸችብኝ ይላል። እናቱ ግን የዚያችን ሴት እጅ ሳምልኝ ብላኛለች» አለ። ጎንበስ ብሎ ሳመኝ። ዝይዋንና ሻማዋን ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም። እጄን ቶሎ ነጥቄ «ሻይ ላፍላ?» አልኩ። ምስጋናውን ይዤ ዝም አልኩ፣ ልጄ። ፔትሪም ሲወጣ እጁን ዘረጋልኝ። በረዶው ላይ እንደሚጨባበጡት ጨበጠኝ፤ ጠበቅ አድርጎ፣ ዓይኑ ግን ከኔ ቀጥሎ ወዳለው ሰው እያየ። ከኔ ቀጥሎ ማንም አልነበረም።

በማግስቱ የአባትህን የመቀመጫ ትራስ ላመጣ ስታዲየሙ ገባሁ። በረዶውን ማቅለጥ ጀምረው ነበር፤ ቤቱ የእርጥብ ኮንክሪት ሽታ ይሸታል። ያንተ ዓመት የዋንጫ ሰንደቅ ጣሪያው ሥር እንደተሰቀለ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን አየሁት። ቀለሙ ለቋል። ያን ዓመት አንተ ጭንቅላትህን ተመተህ ሳለ፣ ከፍጻሜው በፊት ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ አቁሞኝ «ቤት ውስጥስ እንዴት ነው?» ሲለኝ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታስታውሳለህ ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ብዕሩን አስቀመጥኩ። ከጎኔ የነበረው አባትህ ነው፤ እሱም አሁን የለም። እንግዲህ መልሴን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ኖሪን «ደፋር ነሽ» አለችኝ። ስለ ፔትሪ ከሆነ ልክ ትሆናለች። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ ያሰብኩት ያን የወፍጮውን ዳገት ነው። ባንተ ጊዜ ጉልበቴ ጤነኛ ነበር፤ ዳገቱን ግን አልወጣሁትም።

ግንቦት ላይ እመጣለሁ። ካወቅከኝ ደስ ይለኛል፤ ካላወቅከኝም አጠገብህ ቁጭ እላለሁ፣ ከፈለግክ አነብልሃለሁ።

ጃኒስ፣ እባክሽ ይህን ቀስ እያልሽ አንብቢለት፤ ትልቁን መብራት አጥፊለት። ከደከመው አቁሚ። ነገ ደብዳቤ መጥቷል ወይ ካለሽ፣ ትናንት ሰምተኸዋል አትበዪው፤ እንደ አዲስ አንብቢለት። ውሻው ጋ ሲደርስ ይስቅ ይሆናል፣ ሳቁን ይወድ ነበር። ያን ጊዜ አብረሽው ሳቂ። ያንቺ ሳቅ ንጹሕ ነው።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ብርሃኑን ያለስልስልህ። እንቅልፍህን ያጣፍጥልህ። የጠፋብህን ሁሉ እሱ ይያዝልህ።

እናትህ